የእናት ሆርሞንና የልጅ የነገ ጤና



አንዲት እናት አራት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ልጅ ስትወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የሚገባው ጠያቂ ሁሉ ሕፃኑን አይቶ ይደነቃል። «እንዴት ያለ ድንቡሽቡሽ ልጅ ነው! ደህና በልተሻል ማለት ነው» ይላል። አያት ደስ ይላታል፤ አባትም ይኮራል። ደስታው ተገቢ ነው። ሐኪሙ ግን አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ «በእርግዝናሽ ጊዜ የደም ስኳርሽ ተለክቶ ነበር?» ይላል። ጥያቄው ለምን እንደሚነሣና ባለትዳሮችን ለምን እንደሚመለከት በዚህ ትምህርት እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆርሞን ምንድን ነው?

ሆርሞን ማለት ሰውነታችን የሚያመነጨውና በደም አማካይነት ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። የወሊድ መከላከያ እንክብል ወይም መርፌ የምትጠቀሙ ሁሉ ቃሉን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ከሆርሞኖች አንዱ ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን የሚመነጨው ከቆሽት ሲሆን፣ ከበላነው ምግብ ተጣርቶ ወደ ደም የገባው ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች እንዲገባ ያደርጋል። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሥራው ሲዳከም ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል።

በእርግዝና ጊዜ ምን ይለወጣል?

የእንግዴ ልጅ ለፅንሱ ምግብና አየር ከማስተላለፍ በተጨማሪ ራሱ ሆርሞን ያመነጫል። እርግዝናው ከተጋመሰ በኋላ እነዚህ ሆርሞኖች እየበዙ ሲሄዱ የእናቲቱ ኢንሱሊን እንደ ወትሮው መሥራት ይሳነዋል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ከእናቲቱ ደም ለፅንሱ የሚተርፍ ምግብ እንዲኖር ተፈጥሮ ያዘጋጀችው ዘዴ ነው። የጤነኛ እናት ቆሽት ይህን ለማካካስ ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ኢንሱሊን ያመነጫል።

የአንዳንድ እናቶች ቆሽት ግን ይህን ያህል ማመንጨት ያቅተዋል። ያን ጊዜ የደም ስኳር ከልክ ያልፋል። ይህም በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት የስኳር በሽታ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ሕመም ስለማይሰማ እናቲቱ ሳታውቀው ልትወልድ ትችላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የእናት ስኳር የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱ ይገባል፤ የእናት ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ ፅንሱ የመጣለትን ስኳር የሚያስተናግደው በገዛ ቆሽቱ ነው። ስኳሩ ሲበዛበት ገና በማኅፀን ሳለ ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል። ኢንሱሊን ፅንስን የሚያሳድግ ሆርሞን በመሆኑ ትርፉ ስኳር ስብ እየሆነ ይከማቻል፤ ልጁም ከልክ በላይ ይገዝፋል። ይህን አካሄድ በ1950ዎቹ ያስረዱት ዮርገን ፔደርሰን የተባሉ የዴንማርክ ሐኪም ናቸው።

እንዲህ ያለው ልጅ በምጥ ጊዜ ትከሻው ሊያዝ ይችላል። እትብቱ ሲቆረጥ ደግሞ ከእናቱ ይመጣ የነበረው ስኳር በድንገት ይቋረጣል፤ የራሱ ኢንሱሊን ግን ወዲያው አይቀንስም። በዚህ ምክንያት በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የደሙ ስኳር አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ትልቅ ሆኖ የተወለደ ልጅ ሁሉ እናቱ ስኳር አለባት ማለት አይደለም። ሐኪሙ የሚጠይቀው ይህን ለይቶ ለማወቅ ነው።

የአንድ እናት ልጆች ለምን ይለያያሉ?

«ስኳር በዘር የሚመጣ ነው፤ ማኅፀን ምን አደረገ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሰጥ ጥናት በአሜሪካ አገር በአሪዞና ግዛት ተደርጓል። በዚያ የሚኖሩት ፒማ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች የስኳር በሽታ እጅግ የበዛባቸው ናቸው። ከ1965 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ጤንነታቸውን በተከታታይ መርምረዋል።

በ2000 በወጣ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች የአንድ እናት ልጆችን እርስ በርስ አነጻጸሩ። አንደኛው እናቱ ስኳር በሽታ ሳይይዛት የተወለደ ነው፤ ሌላው ከያዛት በኋላ የተወለደ ነው። ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡና በአንድ ማዕድ ያደጉ ናቸው። ሆኖም በኋላ የተወለዱት ከቀደሙት ወንድምና እኅቶቻቸው ይበልጥ የወፈሩና በስኳር በሽታ ይበልጥ የሚጠቁ ሆነው ተገኙ። በሽተኛው አባት በሆነበት ቤተሰብ ግን ከአባቱ ሕመም በፊትና በኋላ በተወለዱት ልጆች መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ከዚህ የምንረዳው ዘር ድርሻ ቢኖረውም፣ ዘጠኙ ወር የራሱን አሻራ እንደሚጨምር ነው።

ረሃብም አሻራ ይተዋል

አሻራ የሚተወው የስኳር መብዛት ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት፣ ሆላንድ በጀርመኖች ተይዛ ሳለች ወደ ምዕራባዊ ከተሞቿ የሚገባው ምግብ ተቋረጠ። በአምስተርዳም ለአንድ ሰው በቀን የሚታደለው ምግብ ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። በዚያ ወራት በማኅፀን የነበሩት ሰዎች ዕድሜያቸው 50 ዓመት ገደማ ሲሆን ተመረመሩ። ስኳር በጥብጠው ከጠጡ በኋላ የደማቸው ስኳር ከሌሎች እኩዮቻቸው ከፍ ብሎ ተገኘ።

ነገሩ እንዴት ነው ቢባል፣ ፅንሱ በእናቱ ደም ከሚደርሰው ምግብና ሆርሞን የውጪውን ዓለም ሁኔታ የሚገምት ይመስላል። ምግቡ ሲያንስ ሰውነቱን ለቁጠባ ያዘጋጃል። ካደገ በኋላ ጥጋብ ሲገጥመው ለቁጠባ የተዘጋጀው ሰውነት ትርፉን መሸከም ይቸግረዋል። በእንግሊዝ አገር ይህን ሐሳብ በሰፊው ያስተማሩት ዴቪድ ባርከር የተባሉ ሐኪም ናቸው።

ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞንም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። የእንግዴ ልጅ ከእናት የሚመጣውን አብዛኛውን ኮርቲሶል እየሰባበረ ፅንሱን ይጠብቀዋል። በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር ግን እናቲቱ ገንቢ ምግብ ስታጣ ይህ መከላከያ እንደሚዳከም ታይቷል።

ታዲያ ጥፋቱ የእናት ነው?

አይደለም። የእንግዴ ልጅ የሚያመነጨውን ሆርሞን ማንም እናት አትመርጠውም፤ ረሃብንም ማንም ወዶ አይራብም። ስለዚህ «አንቺ ነሽ ልጄን ለበሽታ የዳረግሽው» ማለት ትልቅ በደል ነው። ደግሞም በማኅፀን የሚጣለው አሻራ ዝንባሌ ነው እንጂ የተቆረጠ ዕጣ አይደለም። ልጁ ከተወለደ በኋላ የሚመገበው ምግብና የሰውነት እንቅስቃሴው ብዙ ነገር ይወስናሉ።

ባልና ሚስት ምን ያድርጉ?

1. እርግዝናን አስባችሁ ጀምሩት። የፅንሱ ዋና ዋና አካላት የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ በትክክል አላወቁም። ስኳር በሽታ ያለባት ሴት እንግዲህ የደም ስኳሯ እስኪስተካከል ድረስ መከላከያ ብትጠቀም ልጇን ገና ሳይፀነስ ጠበቀችው ማለት ነው።

2. ክትትል በጊዜ ጀምሩ። የመጀመሪያው ጉብኝት ከ12ኛው ሳምንት በፊት ቢሆን ይመረጣል።

3. የደም ስኳር ምርመራ ጠይቁ። የተለመደው ጊዜ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ነው። እናቲቱ ምግብ ሳትቀምስ ደም ትሰጣለች፤ ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውኃ ጠጥታ ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ትመረመራለች። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ሳይበላ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢገኝ እንኳ ስኳር አለ ይባላል። የሽንት ምርመራ ይህን አይተካም።

4. «ለሁለት ብዪ» የሚለውን ምክር በልክ ውሰዱት። ነፍሰ ጡር የሚያስፈልጋት ጭማሪ የሁለተኛ ሰው ድርሻ አይደለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላልና ወተት ይጠቅሟታል። ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን የደም ስኳርን ቶሎ ያወጣል። ስለ ጾም ሐኪማችሁንና የሃይማኖት አባታችሁን አማክሩ።

5. ስኳር ከተገኘ አትደንግጡ። ብዙ እናቶች በምግብ ማስተካከልና በእግር ጉዞ ይስተካከልላቸዋል፤ ለቀሩት መድኃኒት አለ። ሕክምናው የልጁን ከልክ በላይ መግዘፍና የምጡን አደጋ ይቀንሳል።

6. ከወሊድ በኋላ አትጥፉ። ስኳሩ ከወሊድ በኋላ ቢጠፋም እናቲቱ ወደፊት ቋሚ የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች እናቶች ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየጊዜው ትመርመር። ጡት ማጥባት እናትንም ልጅንም ይጠቅማል።

7. አራርቃችሁ ውለዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ የሚቀጥለውን እርግዝና ቢያንስ ለ24 ወር ማቆየትን ይመክራል። ይህ ጊዜ እናቲቱ ክብደቷን እንድታስተካክልና ዳግመኛ እንድትመረመር ይረዳታል። በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶባት የጠፋላት ሴት በዚህ ምክንያት ብቻ የሚከለከል የመከላከያ ዘዴ የለም። የምታጠባ እናት ግን የትኛው እንክብል እንደሚስማማት ለባለሙያው ትንገር።

ለአባቶች አንድ ቃል

«ምንም አላመመሽ፤ ለምን ስትመላለሺ ትውያለሽ?» የሚል ባል ጥቂት አይደለም። አሁን እንደተረዳችሁት ሕመም አለመኖሩ ስኳር የለም ማለት አይደለም። የምርመራው ዕለት ጧት ሳትበላ የምትወጣውን ባለቤታችሁን አጅባችሁ ብትሄዱ፣ በቤትም ከእርሷ ጋር አንድ ዓይነት ምግብ ብትበሉ፣ ምክሩ በሥራ ላይ ይውላል። ሌላው ቤተሰብ ጣፋጭ እየበላ እርሷን ብቻ መከልከል ብዙ አይዘልቅም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሁለታችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ተነጋገሩባቸው። በቤተሰባችን ስኳር ያለበት አለ? ባለፈው እርግዝና ምርመራ ተደርጎ ነበር? የሚቀጥለውን ልጅ መቼ እንፈልጋለን? መልሱን ይዛችሁ ወደ ክሊኒኩ ስትመጡ ቀሪውን ከባለሙያው ጋር አብራችሁ ታቅዳላችሁ።