አንድ ጀሪካን ተኩል ውሃ፦ በተማሪ ክፍል ውስጥ አኳሪየም ስለ መያዝ

አኳሪየም ሲባል አብዛኞቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው በሆቴል መግቢያ ወይም በምግብ ቤት ጥግ የሚቀመጠው ሰማያዊ መብራት ያለበት ትልቅ መስታወት ነው። ውስጡ የፕላስቲክ ቅጠል፣ ክዳኑን እየከፈተና እየዘጋ አረፋ የሚተፋ የፕላስቲክ ሣጥን፣ አልፎ አልፎም ጎኑን ያዘመመ ዓሣ ይታያል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ አይደለም። ስለ ትንሿ፣ እውነተኛ ተክል ሥር ስለ ሰደደባት፣ አራት ተማሪዎች በሚጋሩት ክፍል መስኮት ሥር ስለምትቀመጥ የ30 ሊትር አኳሪየም ነው። ከሥላሴ ካቴድራል ኋላ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው ሰፈር ክፍል ተከራይተን የምንኖር ልጆች ይህችን ነገር ይዘን ሁለተኛ ዓመታችንን እያጋመስን ነው። ብዙ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች እየመጡ ስለሚያዩና አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለሚደጋግሙ በጽሑፍ መመለሱ ይሻላል ብዬ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1850 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት አንድ ሙከራውን ለአገሩ የኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። በመስታወት ዕቃ ውስጥ ውሃ፣ አሸዋ፣ ሁለት ትናንሽ ጎልድፊሽና ቫሊስኔሪያ የሚባል እንደ ሣር ረዘም ያለ የውሃ ተክል አስቀመጠ። ዓሣው የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፣ ተክሉ የሚያወጣውን ኦክስጅን ዓሣው ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ውሃው ሳይቀየር ይኖራሉ የሚል ነበር ስሌቱ። መጀመሪያ አልሆነም። ያረጁት ቅጠሎች በሰበሱና ውሃው ደፈረሰ፣ መስታወቱም አረንጓዴ ዝልግልግ ለበሰ። ሰውየው ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ሲጨምርበት ግን የበሰበሰውን ቅጠል ለቀሙት፣ ውሃው ጠራ፤ እንቁላላቸው ደግሞ ለዓሦቹ ምግብ ሆነ። ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደስ የሚለው ነገር ዋሪንግተን ያልሠራውንም ጭምር መዝግቦ ማስቀመጡ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1853፣ የለንደን መካነ እንስሳት ለሕዝብ ክፍት የሆነ የዓሣ ቤት ከፈተ። ፊሊፕ ጎስ በቀጣዩ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ «አኳሪየም» የሚለው ቃል በሰው አፍ ገባ።

በኛ ዘመን ይህንኑ መንገድ የመለሰችው ዳያና ዋልስታድ የምትባል አሜሪካዊት ናት። በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ውድ መሣሪያ ሳይገዛ፣ ከአሸዋ በታች ተራ አፈር አንጥፎ፣ ተክል አብዝቶና ዓሣ አሳንሶ መኖር እንደሚቻል በዝርዝር አሳየች። የካርቦን ጋዝ ሲሊንደር የለም፣ ትልቅ ፊልተር የለም። መብራት በሚጠፋበትና ኪስ በሚሳሳበት አገር ለሚኖር ተማሪ ከዚህ የተሻለ ዘዴ እኔ አላየሁም።

ከመጀመር በፊት ግን አዲስ አበባ ያለችበትን ቦታ ማወቅ ግድ ይላል፤ ከውጭ የሚመጣው ምክር ሁሉ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነውና። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በባሕር ጠለል አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ አራዳ ላይ 7 ቢይዝ ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ መጽሐፉ «ስምንት ዓሣ ይበቃል» ካለ እኛ አምስት ወይም ስድስት እንበል።

ሁለተኛው ብርዱ ነው። እሳት የማይነድበት የተማሪ ክፍል ውስጥ ያለ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 21 ዲግሪ ይሆናል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ማሞቂያ ማስገባት ይቻላል፣ ነገር ግን ብዙ ዶርሞች ምድጃና ማሞቂያ ይከለክላሉ፤ የግል አከራይም ቢሆን ቆጣሪ ሲዞር ዝም ብሎ አያይም። ስለዚህ ብርዱን የሚወድ ዓሣ መፈለግ ነው። ከሁሉ የሚስማማው ከቻይና ተራሮች የመጣው ዋይት ክላውድ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ነው፤ ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል፣ ርዝመቱም ከ4 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ጉፒ ከ22 በላይ ይፈልጋል፣ 18 ላይም ይታገሣል፤ ከዚያ በታች ግን ይታመማል። ጎልድፊሽ ብርድ አይፈራም፣ ግን ዛሬ ጣት የምታክለው ነገ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ትሆናለችና ለ30 ሊትር አትሆንም። ሻጩ «አታድግም» ቢላችሁ አትመኑት!

(የአገራችን ደጋ ወንዞች የራሳቸው ትናንሽ ዓሦች አሏቸው። ጋራ የሚባሉት ድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ እየፋቁ ይኖራሉ። ከነሱ አንዱ ጋራ ደምበጫ ይባላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ የጎጃሟን ደምበጫ ይዟል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የሰየሙት ዶክተር አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ ናቸው። ሂዱና ያዙ ማለቴ አይደለም። አጠገባችን አራት ኪሎ ሳይንስ ፋካልቲ ግቢ ያለውን የእንስሳት ሙዚየም ሳያዩ መመረቅ ግን ያስቆጫል።)

አሁን ወደ ሥራው። መስታወት ቆራጭ ቤት ሄዳችሁ 40 በ30፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 5 ሚሊ ሜትር መስታወት አስቆርጡ። ማጣበቂያው ሲልከን ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው የሻጋታ መከላከያ ስላለበት ዓሣ ይገድላል። ሞልቶ ከነአሸዋው 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ እንደማለት ነው፤ ስለዚህ የሚያነክስ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ከሥሩ ስስ ፎም ይነጠፋል። አከራያችን መጀመሪያ ሲያዩት «ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ሌሊት ፈንድቶ ወለሌን እንዳያጥለቀልቀው?» ነበር ያሉት። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ግቢ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ሦስት ቀን ማቆየትና ማየት ነው።

ከታች ፍግና ማዳበሪያ ያልነካው የአትክልት ቦታ አፈር በ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይነጠፋል። በላዩ ያንኑ ያህል አሸዋ ይደረጋል። የግንባታ አሸዋ ይሆናል፣ ግን ውሃው እስኪጠራ ይታጠብ፤ ቀጥሎ በትንሽ ዕቃ አቼቶ ጠብ ይደረግበት። ካረፋ ኖራ አለበት ማለት ነው፣ ውሃውን ያከብደዋል። ተክሉን በመጀመሪያው ቀን አብዝቶ መትከል ነው። ቫሊስኔሪያ ሥሩን አሸዋ ውስጥ ይሰድዳል፤ ሴራቶፊለም ደግሞ ሥር እንኳ የለውም፣ ተንሳፎ ያድጋል። ሁለቱም ብርዱን ይችሉታል። ብርሃን ለኛ ችግር አይደለም። እዚህ ቀኑ በዓመቱ አጭሩ ዕለት 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ በረጅሙ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ። የአውሮፓ ልጅ ክረምቱን በአምፖል ሲታገል እኛ መስኮት ይበቃናል። ብቻ ቀጥተኛ ፀሐይ ለረጅም ሰዓት ከመታው ውሃው እንደ ጎመን ወጥ አረንጓዴ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ሲከደን አንዲት የ10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ስምንት ሰዓት ብትበራ ትረዳለች።

ትዕግሥት የሚፈትነው ቀጣዩ ነው። ዓሣ ያለበት ውሃ ውስጥ ከቆሻሻው አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ይህ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ተክሉም ይበላዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች አሸዋውና መስታወቱ ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በብርድ ውሃ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ ተክሉ ተተክሎ ዓሣ ሳይገባ ወር ከግማሽ መጠበቅ ነው። ጎረቤት እየመጣ «ዓሣው የታለ?» ይላል፤ ይበል። ከዚያ ሁለት ሁለት እያደረጉ ማስገባት ነው። ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ጣት ቆንጠር የሚደረግ፤ በሁለት ደቂቃ ያልተበላው ትርፍ ነው። እንግዳ ሲመጣ እጁ ላይ ያለችውን የእንጀራ ፍርፋሪ ጣል ማድረግ ይወዳል። እሱን መከልከል ከሁሉ የባሰ ሥራ ነው።

መብራት ቢጠፋ ምንም አይሆንም፤ ተክሉ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል። ማታ ግን ተክሉም ራሱ ኦክስጅን ይወስዳልና ጠዋት ስትነሱ ዓሦቹ አፋቸውን ውሃው ገጽ ላይ አድርገው የሚያላምጡ ከሆነ ዓሣው በዝቷል ወይም የበሰበሰ ነገር አለ። ደብተር ይዞ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የታየውን መጻፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። «ዓሣው ደህና አይደለም» ዜና አይሆንም። «ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሦስቱ ላይ፣ ሁለቱ ታች» ግን የሚሠራበት መረጃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልምጣ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው። ቧንቧው ሲመጣ ጀሪካን ተሰልፎ ይቀዳል፣ ሳይመጣ ሲቀር ያው ጀሪካን ሳምንት ይታይበታል። የክፍል ጓደኛዬ አንድ ማታ፣ «አንተ፣ እኛ ፊታችንን በጆግ እየታጠብን ለዓሣ 30 ሊትር?» አለኝ። ቀልድ አልነበረም። እኔም እንደ ቀልድ አልመለስኩትም፣ ሒሳቡን ቁጭ ብለን ሠራነው። መጀመሪያ ሲሞላ 30 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ተኩል ይገባል፤ እሱ አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በሳምንት 5 ሊትር ይቀየራል፣ በወር 20፣ አንድ ጀሪካን ማለት ነው። የሚወጣው ውሃ ግን አይደፋም። ሽንት ቤት የሚለቀቀው በሱ ነው፤ ሲተርፍ አከራያችን ለተከሏት ጤና አዳም ይሰጣል፣ ናይትሬቱ ለተክል ማዳበሪያ ነውና። ሽንት ቤቱ በዚያም በዚህም 5 ሊትሩን ይፈልግ ነበር። ስለዚህ እውነተኛው ወጪ የሚተነው ብቻ ነው፤ እሱንም መክደኛ ይቀንሰዋል። ውሃ ሁለት ሦስት ሳምንት ከጠፋ ደግሞ ምንም አይቀየርም፣ ተክሉ ይችለዋል። ክፍላችን ውስጥ የተስማማነው ደንብ አንድ ነው፦ በጀሪካን ሰልፍ ዓሣ መጨረሻ ነው። ይህንን ያልተስማማ ክፍል አኳሪየም ባያስገባ ይሻላል፤ ሰው የሚጠማበት ቤት ውስጥ የቆመ ጌጥ ሆኖ ያስቀይማልና።

የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አይገባም። ለመጠጥ የሚጨመረው ክሎሪን ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይገድላል። ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ከተኛ ይተናል።

ስለ ሳሙናም ልናገር። መስታወቱን በሳሙናም ሆነ በኦሞ አታጥቡት፤ በእንዶድ ጨርሶ! እንዶድ የሚያረፋው ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለበት ነው፤ ይኸው ነገር የዓሣን ስንጥብ ያጠቃል። የጣና አካባቢ ዓሣ አጥማጆች የብርብራ ፍሬ ፈጭተው ዓሣ ለማስከር መጠቀማቸው የታወቀ ነው፤ እንዶድም ለዓሣ ከዚያ አይሻልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ማየታቸውና ከዚያ ተነሥተው የቢልሃርዝያን መተላለፊያ ለመቁረጥ እንዶድን ማጥናታቸው ይታወሳል። ቀንድ አውጣ ለዋሪንግተን አዳኝ ሆነለት፤ በኛ አገር ግን የቢልሃርዝያ ተሸካሚ የሆኑ ዝርያዎች አሉ። ስለዚህ ከጣና ወይም ከዝዋይ ዳር ቀንድ አውጣ ለቅሞ ማምጣት አይገባም፣ በባዶ እጅ ውሃው ውስጥ ገብቶ ተክል መንቀልም እንደዚያው። አኳሪየም ውስጥ ተፈልፍለው ያደጉት ግን የሰው ዓይነ ምድር ያልነካው ውሃ ውስጥ ስለሆኑ በሽታውን አያገኙም።

የተረፈ ተክል ወንዝ ውስጥ መጣልም አይገባም። እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረው አበባው ስላማረ ነው። አገራችን ውስጥ በቆቃ ግድብ መታየቱ የተመዘገበው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣና ላይ ታየ፣ የቀረውን ሁላችንም በዜና ሰምተነዋል። የሚቆረጠውን ሴራቶፊለም ማድረቅና አፈር ውስጥ መቅበር ነው።

የቀረው ዕረፍት ነው። ጤነኛ ዓሣ ሳምንት፣ አሥር ቀን ሳይበላ ይቆያል፤ ለክረምት ወደ ቤተሰብ ሲኬድ ግን አዲስ አበባ ለሚቀር ጓደኛ ማስረከብ ነው። ክፍል መቀየርም አለ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሌላው የፒያሳ ሰፈር ሲፈርስ ስንት ተማሪ በአጭር ጊዜ ዕቃውን እንደሸከፈ የምናውቀው ነው፤ ሁለት ሰው የማያነሣው አኳሪየም አልመክርም የምለው ለዚህ ነው። ለጉዞ ውሃው ሁለት ሦስተኛው ይቀዳና በጀሪካን ይያዛል፣ ዓሣው ክዳን ባለው ባልዲ ይገባል፣ አሸዋው እርጥብ እንደሆነ ይቆያል፤ ባክቴሪያው ከደረቀ እንደገና ወር ከግማሽ መጠበቅ ይመጣል። የተነቀለ ተክል በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ አንድ ቀን ያድራል። የኛ ዲፓርትመንት ደግሞ የአሮጌ ጋዜጣ ችግር የለበትም።