የበዓል ርችት፣ ፈቃዱና የቤታችን ሰላም

የዮም ሃዓጽማኡት ምሽት ሲቃረብ ቤት ለቤት ስንዞር «ዒሪያው ይህን ሁሉ ፍንዳታ እንዴት ይፈቅዳል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል። ልጆቻችን ደግሞ ርችት የሌለበት በዓል በዓል አይመስላቸውም። ሁለቱም እውነት አላቸው።

በከተማ በዓል ላይ ርችት የሚተኩሰው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። ፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቦታውንና ከሕዝቡ ያለውን ርቀት ያያሉ። በሃይፋ ይህ ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ደረቅ ነፋስ ያባባሰው እሳት 60 ሺህ ያህል ሰው ከቤቱ አስወጥቷል። ነገር ግን ፈቃዱ የሚጠብቀው ከቃጠሎና ከጉዳት ነው፤ ከመስኮቱ ጀርባ ማን እንደተቀመጠ አይጠይቅም።

በሀዳር መስኮቶች ጀርባ በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። ከጦርነት የተመለሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች አሉ። በ2024 እና በ2025 ሲረን ሲጮኽ ወደ መጠለያ የሮጡ ሕፃናትም አሉ። ፍንዳታ ሲሰማ ልብ የሚመታው፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ እጅ የሚንቀጠቀጠው ሰውነት አደጋውን ስለሚያስታውስ ነው፤ አእምሮ «ይህ ርችት ነው» ብሎ ሳይለይ አካሉ ቀድሞ ይደነግጣል። ፈሪነት አይደለም፣ ዛርም አይደለም።

በ2022 በሄርጽል ተራራ በተደረገው የመንግሥት ሥነ ሥርዓት በጦርነት መንፈሳቸው ለተጎዳ ወታደሮች ሲባል የሚጮኹ ርችቶች እንዲቀሩ ተደረገ። በዓሉ ግን አልቀረም። እኛም ርችት ይከልከል አንልም፤ የልጆቻችን ደስታ ነውና። ሰዓቱ አስቀድሞ በአማርኛም ይነገረን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ርችቶች ይመረጡልን ብሎ ወደ ዒሪያው በ106 ደውሎ መጠየቅ ግን መብታችን ነው። አንድ ሰው ሲደውል ላይሰማ ይችላል፣ ሰፈሩ ሲደውል ይሰማል።

በዚያች ምሽት የሚደነግጠውን ሰው ብቻውን አትተዉት። ሰዓቱን ንገሩት፣ መስኮት ዝጉ፣ ቡና አፍሉና አብራችሁ ተቀመጡ። ጭንቀቱ ከበዓሉ በኋላም እንቅልፍ ከነሣ ለኩፓት ሆሊም ሐኪም ንገሩ፤ በኤራን 1201 ደውሎ ማነጋገርም ይቻላል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን በፑሪም ሰሞን ልጆች በድብቅ የሚገዙት ናፓጺም ነው። ለዚህ ማንም ፈቃድ አልሰጠም። በእጅ ውስጥ ሲፈነዳ ጣት ይቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል። «የክፍሌ ልጆች ሁሉ አላቸው» ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ ኪሱንና ቦርሳውን ተመልከቱ። ትንሽ የምትመስለው የእጅ ብልጭታ እንኳ ወደ 1000 ዲግሪ ገደማ ትሞቃለች፤ ለሕፃን አትሰጥም።

ልጅ ከተቃጠለ ቦታውን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ሥር አቆዩት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና ወይም በረዶ አታድርጉበት። ዓይኑ ከተመታ አትሹት፣ አትጫኑት፤ በንጹሕ የወረቀት ኩባያ ከልላችሁ በ101 ማዳ ጥሩ ወይም ፈጥናችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።