ከጉልበት በፊት እምነት፦ አሮጌ የስፖርት መኪና ለሚያዘጋጅ ወጣት የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ የ1967 ሞዴል ኤም.ጂ.ቢ. ገዝተህ ለውድድር ልታዘጋጃት መነሳትህን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ዕድሜዬን በመኪና ሆድ ሥር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ ፊያት ስፈታና ስገጥም፣ ኋላም እዚሁ ቨርጂኒያ። የማውቀውን በቁጥር አድርጌ የጻፍኩልህ ሥራው ተራ ስላለው ነው። አራተኛውን ከአንደኛው አታስቀድም።

1. ሞተሩን ከመንካትህ በፊት ፍሬኑን ጨርስ። የወጣት እጅ ሁሌም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሞተሩ ነው። መኪናህ እንግሊዝ አገር ከአቢንግደን ፋብሪካ ስትወጣ 1798 ሲሲ ሞተሯ የነበረው ጉልበት 95 ፈረስ ገደማ ነው። ብዙ ገንዘብ አፍስሰህ ብትጨምርበት እንኳ ትልልቅ ሞተር ያላቸውን በቀጥታው መንገድ ላይ አትደርስባቸውም። የምትደርስባቸው መታጠፊያው አፍ ላይ ነው፤ ያውም ከእነሱ ዘግይተህ ፍሬን መያዝ ከቻልህ። ለዚህ ደግሞ ፔዳሉ በረገጥከው ቁጥር እዚያው ቦታው ላይ እንደሚጠብቅህ እርግጠኛ መሆን አለብህ። ላንተ ፍጥነት ማለት ይህ እምነት ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። ወደ አሜሪካ የመጡት ኤም.ጂ.ቢ.ዎች ባለሁለት መስመር ፍሬን ያገኙት ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ነው። ያንተ ባለአንድ መስመር ናት፤ አንዲት ያረጀች የፍሬን ቱቦ ከፈነዳች አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ቀረ ማለት ነው። ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይር፣ ደህና የሚመስሉትንም ጭምር። የክለብህ ደንብ ከፈቀደ ባለሁለት መስመሩን ማስተር ሲሊንደር አስገባ።

የፍሬን ዘይትም ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ እግርህ ወለሉ ድረስ ይሄዳል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ሰሚት ፖይንት የውድድር ሜዳ ላይ ረጅሙን ቀጥታ መንገድ ጨርሰህ አንደኛው መታጠፊያ ስትደርስ ይህ እንዲገጥምህ አልፈልግም። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት አሮጌውን ዘይት አውጥተህ አዲስ ሙላ፤ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትጠቀም። የኋላዎቹን ታምቡሮችም አትርሳ። ሸራው በተበላ ቁጥር ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄዳልና በየልምምዱ መሀል አስተካክላቸው።

2. ጎማው የሚነግርህን አንብብ። በዚህ ሥራ ውስጥ እንደ ጎማ ሐቀኛ የሆነ ነገር አላየሁም። ባለመርፌ የሙቀት መለኪያ ግዛ፤ ዋጋው ከአንድ ጎማ አይበልጥም። ከሜዳው ወጥተህ እንደቆምክ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ መርፌውን ላስቲኩ ውስጥ ትንሽ ጠቅ እያደረግህ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ሦስት ቦታ ለካ፦ የውስጥ ጠርዙን፣ መሀሉን፣ የውጭ ጠርዙን። መሀሉ ከሁለቱ ጠርዞች ይልቅ ከጋለ ንፋሱ በዝቷል። ሁለቱ ጠርዞች ከጋሉ አንሷል። የውጭ ጠርዙ ብቻ ከጋለ ደግሞ ጎማው ስትታጠፍ በጫፉ እየቆመ ነው፤ አናቱ ወደ ውስጥ ይበልጥ መጋደል ይኖርበታል ማለት ነው። ለሩጫ ስትሆን የፊቶቹን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ዲግሪ ወደ ውስጥ አጋድላቸው፤ ከዚያ በኋላ የእኔን ቃል ትተህ መርፌውን ስማ።

የሽቦ ቸርኬዎቹን ለእሑድ ሽርሽር አስቀምጣቸው። ውበታቸውን እኔም እወዳለሁ፣ ግን በዛሬ የውድድር ጎማ ጉተታ ሽቦዎቹ ይላላሉ፣ ይሰበራሉም። የዚያን ዘመን መልክ የያዘ ሚኒላይት ቸርኬ አለልህ፤ ቀላልም ጠንካራም ነው።

3. እግሯን ሳታጠነክር ቁመቷን አታውርድ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሞላ ቆርጦ መኪናዋን መሬት ለመሬት ያስኬዳታል፣ ከዚያ ለምን መሪው እንደሚንቀጠቀጥ ይጠይቃል። የፊት ፐርኖዎቹን ለመፈተሽ መኪናዋን በክሪክ አንስተህ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው፤ ጨዋታ ካለ ያንን ሳትጨርስ አላይመንት ማስደረግ ገንዘብ ማባከን ነው። የላስቲክ ቡሾቹን በሙሉ አድስ። ሾክ አብዞርበሮቹ የዚያ ዘመን ባለክንድ ዓይነት ናቸው፣ ዘይታቸው ሲያንስ ሥራቸውን ያቆማሉ። የኋላውን ባሌስትራ ቅጠል በቅጠል እየው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ብሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ አጠገብ ነው። በመጨረሻም አንተ ራስህ ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ አራቱንም ጎማ በሚዛን ላይ አስመዝን። ክብደትህ የመኪናዋ ክፍል ነው።

4. ሞተሩ መጀመሪያ እንዲኖር፣ ከዚያ እንዲሮጥ አድርገው። ያንተ ሞተር ኮሎው አምስት ኩሽኔታ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ከ1964 መጨረሻ በፊት የነበሩት ሦስት ብቻ ነበራቸው። ስለዚህ ጥሩ መሠረት አለህ። የሚገድለው ነገር ዘይት ማጣት ነው። ረጅም መታጠፊያ ላይ ዘይቱ በገንዳው ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፖምፓው አየር ይስባል፤ የዚያን ጊዜ የዘይት ግፊት መለኪያው ቆጣሪ ለአፍታ ዝቅ ይላል። ያንን ዝቅታ ያየህ ቀን ውድድርህ አልቋል፣ ወደ ጎን ውጣ። ገንዳው ውስጥ ዘይቱን የሚያግድ ግድግዳ አስበይድበት፣ የዘይት ማቀዝቀዣውንም ፈትሽ። ለካሙ ደግሞ ዚንክ የበዛበት ዘይት ፈልግ፣ የዛሬዎቹ ተራ ዘይቶች ለእንዲህ ዓይነት አሮጌ ሞተር አልተቀመሙም።

ካርቡራተሮቹን ራስህ ማስተካከልን ተማር። ሁለቱ ኤስ.ዩ.ዎች እኩል መሳብ አለባቸው። ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ወስደህ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን የካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርግና የሁለቱን የፉጨት ድምፅ አወዳድር፤ እኩል እስኪሆኑ ድረስ አስተካክል። ከዚያ የአንዱን ፒስተን በፒኑ አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ከፍ አድርገው። ሞተሩ ፍጥነት ጨምሮ በዚያው ከቀጠለ ነዳጁ በዝቷል። ወዲያው ከወረደ አንሷል። ትንሽ ከፍ ብሎ ተመልሶ ከረጋ በትክክል ተስተካክሏል፣ እጅህን አንሳ። ይህን ኮምፒዩተር አይሠራልህም፤ እኔ ይህን ሥራ የምወድበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ካምቢዮውን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ አንደኛ ማርሽህ ሲንክሮ የለውም። ለመነሻ ካልሆነ በቀር አትንካው።

5. ገላህን ከመኪናዋ በላይ አክብር። የራስ ቁር ሲሆን ለመኪና ውድድር የተሠራ፣ በስኔል ኤስኤ የተፈተነ ይሁን፤ የሞተር ሳይክል ቁር እሳትን ታሳቢ አድርጎ አልተሠራም። ቀበቶዎች ዕድሜ አላቸው፦ የኤስ.ኤፍ.አይ. ምልክት ያለው ከተሠራ ሁለት ዓመት፣ የኤፍ.አይ.ኤ. አምስት ዓመት። ቀኑ ካለፈ ምንም ቢያምር ቆርጠህ ጣለው፣ ለሌላ ሰው አትስጥ። የአንገት መከላከያውን ሃንስን ግን እለምንሃለሁ። እሽቅድድመኛው ዴል ኧርንሃርት በ2001 ዴይቶና ላይ የሞተው ከራስ ቅሉ ሥር በደረሰበት ስብራት ነው፤ ናስካርም የአንገት መከላከያን ግዴታ ያደረገው በዚያው ዓመት ነው። ደንቡ ሁለተኛ ምርጫ ቢሰጥህም አንተ አድርገው።

6. ሜዳው ላይ ስትወጣ መኪናዋን ወደ ቤት የመመለስ ዕዳ እንዳለብህ ይግባህ። ኤም.ጂ.ቢ. መሠራት ያቆመችው በ1980 ነው፤ የምትሰብራት እያንዳንዷ መኪና ከዓለም ላይ ጎደለች ማለት ነው። ብዙዎቹ የአሮጌ መኪና ክለቦች አስራ ሦስት በአስራ ሦስት የሚሉት ሕግ አላቸው፦ በጥፋትህ ሰው ከነካህ ከዚያ ውድድር ትወጣለህ፣ ለ13 ወርም በክትትል ሥር ትሆናለህ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከደገምክ ደግሞ ለ13 ወር ትታገዳለህ። እኔ ሕጉ ጨካኝ ነው ብዬ አላስብም። ማለፍ የፈለገ ሰው ነው ኃላፊነት ያለበት፤ ከፊትህ ያለው አይቶሃል ብለህ አትገምት፣ በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኑን ካላየህ አላየህም።

ከፍጥነት በላይ ጽናት ምን እንደሚያደርግ ማየት ከፈለግህ የ1963ቱን የለ ማን ውድድር እይ። ፓዲ ሆፕከርክና አላን ሃቺሰን በአንዲት ኤም.ጂ.ቢ. ገቡ። ሃቺሰን ሙልሳን መታጠፊያ ላይ አሸዋው ውስጥ ሰመጠና ከአንድ ሰዓት በላይ በእጁ እየቆፈረ አወጣት። ያም ሆኖ 12ኛ ወጡ፣ የክፍላቸውንም ድል ወሰዱ። ከእነሱ ፈጣን የሆኑ ብዙዎች ግን መጨረሻውን አላዩም።

ለመጀመሪያው ዓመት ሰሚት ፖይንት ይበቃሃል። ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ሁለት ማይል፣ አሥር መታጠፊያ። ከአሥሩም ከመጨረሻው በደንብ መውጣትን ተለማመድ፤ ወደ ረጅሙ ቀጥታ የምትገባው በዚያ ነው፣ እዚያ ያገኘሃትን ፍጥነት መንገዱን ሁሉ ይዘሃት ትሄዳለህ። ቪ.አይ.አር.ን (ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይን) ለሚቀጥለው ዓመት አቆየው። 3.27 ማይል ነው፣ መኪናዋን ካላወቅሃት ይበዛብሃል።

7. ደብተር ይኑርህ። የጎማ ንፋስ፣ ሦስቱን የሙቀት ቁጥሮች፣ የዘይት ግፊት፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ምን እንደቀየርህ ጻፍ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትቀይር፤ የትኛው እንደጠቀመህ አታውቅም። ከመጀመሪያው የልምምድ ቀንህ በኋላ እሑድ ማታ ቤት ደብተርህን ይዘህ ና፣ አብረን እናነበዋለን።