የፊዚክስ ካርድ ምን ይጠይቅ?

መግቢያ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፊዚክስ ሲከልስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ ደብተሩን ደጋግሞ ያነባል፣ ወይ ፎርሙላ ይሸመድዳል። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፍላሽ ካርድ የምንላትን ትንሽ የጥናት ወረቀት ለፊዚክስ ክለሳ እንዴት እንደምንጠቀምባት፣ እንዴትስ አድርገን እንደምናበላሻት ከራሴ ስህተት ተነሥቼ ማሳየት ነው። መምህር ለመሆን ለምንሠለጥን ሰዎች ነገሩ ቀላል አይደለም። ነገ የምናስተምረው ልጅ "እንዴት ላጥና?" ብሎ መጠየቁ አይቀርምና።

94 ካርድና 17 ነጥብ

12ኛ ክፍል ሳለሁ ከአሮጌ ደብተር ሽፋን 94 ካርዶች ቆረጥኩ። በፊታቸው የሕጉን ስም፣ በጀርባቸው ፎርሙላውን ጻፍኩ። ታክሲ ስጠብቅ፣ ከመኝታ በፊት፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሳይቀር አገላብጣቸው ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንዱንም ሳልስት እወጣቸው ጀመር። "አለቀ! ፊዚክስን ጨርሻታለሁ" አልኩ። ከዚያ የሞዴል ፈተና መጣ። ከ40 ጥያቄ 17 አገኘሁ።

በጣም ነው የደነገጥኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ካርዶቹን ዞር ብዬ አላየኋቸውም። በሦስተኛው ቀን የፈተናውን ወረቀት አወጣሁና የሳትኳቸውን 23 ጥያቄዎች በየምክንያታቸው ለየሁ። ፎርሙላው ስለጠፋብኝ የሳትኩት 4 ብቻ ነበር። 6ቱ የስሌትና የዩኒት ስህተቶች ናቸው። የቀሩትን 13 ግን የሳትኩት ፎርሙላውን በቃሌ እያወቅሁ፣ የቱን መቼ እንደምጠቀም ስላላወቅሁ ነው። ለካ ያ ሁሉ ካርድ ያዘጋጀኝ ለእነዚያ ለ4ቱ ጥያቄዎች ኖሯል!

ጥፋቱ የማን ነው?

ጥፋቱ የካርዱ አይደለም። ካርድ የሚሠራበት በቂ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አጫጭር ምንባቦችን እንዲያጠኑ ተደረገ። ከፊሎቹ ምንባቡን ደግመው አነበቡ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ከአእምሮአቸው አውጥተው የጻፉት በለጡ። ደብተር ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ እውቀቱ የሚጸናው ግን ከውስጥ ፈልጎ በማውጣት ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ካርድ ያንኑ የጠየቅነውን ያጸናልናል። እኔ የጠየቅሁት ስምና ፎርሙላ ነበር፤ የጸናልኝም እሱው ነው። ፈተናው የጠየቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ካርዱ ምን ይጠይቅ?

ከዚያ በኋላ ከ94ቱ ካርዶች አብዛኞቹን ጣልኩና በሳትኳቸው ጥያቄዎች ላይ ተመሥርቼ አዲስ ጻፍኩ። አራት ዓይነት ናቸው።

1. ውሳኔ የሚጠይቅ። "ከ20 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ሊነካ ሲል ፍጥነቱ ስንት ነው? በየትኛው መንገድ ትሠራዋለህ? ለምን?" በጀርባው፦ ጊዜ አልተሰጠም፣ አልተጠየቀምም፤ ስለዚህ በኢነርጂ ሕግ መሄድ ያዋጣል። የአየሩን ግጭት ትተን የስበቱን አክስለሬሽን 10 ብንይዝ መልሱ በሴኮንድ 20 ሜትር ነው። "ስንት ሰዓት ወሰደ?" ቢባል ግን ወደ እንቅስቃሴ ፎርሙላዎች እንዞራለን፤ 2 ሴኮንድ ይሆናል።

2. ወጥመድ ያለበት። "ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ጫፍ ላይ ስትደርስ አክስለሬሽኗ ስንት ነው?" አብዛኞቻችን "ዜሮ" እንላለን። ዜሮ የሚሆነው ፍጥነቷ ነው። አክስለሬሽኗ ያው ወደ ታች 10 ነው። እሱም ዜሮ ቢሆን ኖሮ ኳሷ እዚያው አየር ላይ ቆማ ትቀር ነበር እኮ! ሌላም አለ፤ "ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ ክብደትና ጠረጴዛው ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ጥንድ ናቸው?" አይደሉም። ሁለቱም ያረፉት መጽሐፉ ላይ ነው፤ ጥንዶች ግን በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ያርፋሉ። የክብደቱ ጥንድ መጽሐፉ መሬትን ወደ ላይ የሚስብበት ኃይል ነው።

3. በራስ ቋንቋ የሚያስረዳ። ፊዚክስን የምንማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉሙን ሳንረዳ ቃሉን ብቻ መያዝ ይቀናናል። ስለዚህ "50 ኪሎ ጆንያ ተሸክሞ በሜዳ መንገድ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሄድ የመርካቶ ተሸካሚ በጆንያው ላይ የሚሠራው ሥራ ስንት ነው?" ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ። ሰውዬው በላብ ይጠመቃል፤ በፊዚክስ ቋንቋ ግን ጆንያውን የያዘበት ኃይል ወደ ላይ፣ ጉዞው ወደ ጎን ስለሆነ መልሱ ዜሮ ነው። ጆንያውን 1.5 ሜትር ከፍ ሲያደርገው ግን 750 ጁል ሠራ። በቤታችን ቋንቋ "ሥራ" የምንለውና የፊዚክሱ "ሥራ" የት ላይ እንደሚለያዩ ያኔ ገባኝ።

4. ከስሌት በፊት ግምት የሚጠይቅ። "60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሟል። ሊፍቱ ሽቅብ መሄድ ሲጀምር ሚዛኑ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?" ይጨምራል። አክስለሬሽኑ 2 ከሆነ ከ600 ኒውተን ወደ 720 ይደርሳል። ሊፍቱ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲወጣ ግን ተመልሶ 600 ይሆናል። አስቀድሞ የገመተ ተማሪ የስሌት ስህተቱን ራሱ ይይዘዋል።

አያያዙስ?

ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው ዘዴ አለ፤ በክፍል በተከፈለ ሣጥን መጠቀም ነው። እኔ የጫማ ካርቶን ለሦስት ከፈልኩ። የመጀመሪያውን ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛውን በሳምንት አንዴ አያለሁ። በትክክል የመለስኩት ካርድ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ የሳትኩት የትም ይሁን የት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ምዕራፎቹን መቀላቀልም ያስፈልጋል። በፈተና ላይ ጥያቄው "እኔ ከምዕራፍ ሦስት ነኝ" ብሎ አይመጣምና።

ይሁን እንጂ ካርድ ብቻውን ፊዚክስ አይሆንም። ከ20 ደቂቃ ካርድ በኋላ እስኪርቢቶ ይዞ ቢያንስ ሦስት ጥያቄ ከነሥዕሉ መሥራት ግድ ነው።

ማጠቃለያ

ዘንድሮ ታናሽ እህቴ ተፈታኝ ናት። "ጋሼ፣ ያንን ካርቶንህን ስጠኝ እስቲ" አለችኝ። አልሰጠኋትም፤ አኮረፈች። "የእኔ ካርዶች የእኔን ስህተት ነው የሚያውቁት። አንቺ የሳትሽውን አምጪና አብረን እንጻፍ" አልኳት። በማግስቱ የተሳሳተችባቸውን ወርክሺቶች ይዛ መጣችና እስከ ማታ 11 ካርድ ጻፍን። የኳሷ ጥያቄ ከእሷም ውስጥ ነበረች። የሊፍቱን ጥያቄ ግን ከመጀመሪያውም አልሳተችውም፤ ከእኔ ካርዶች ብትጀምር ኖሮ በማታውቀው ፋንታ የምታውቀውን ስታጠና ትከርም ነበር።

ስለዚህ ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች፣ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ለልጆቹ የተዘጋጀ የፎርሙላ ካርድ አናድል። የታረመ የፈተና ወረቀታቸውንና ባዶ ካርድ እንስጣቸው፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ራሳቸው ይጻፉት።