እህልን ቀንሶ ስለ መመገብ

በኩታበር ምግብ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው እህል ነው። ገብሱና ስንዴው፥ ጤፉ፥ ባቄላውና አተሩ እንጀራና ዳቦ፥ ቆሎና በሶ፥ ሽሮም ሆኖ ይበላል። ስለዚህ «እንጀራን ተው፤ ሥጋና ቅቤ፥ እንቍላልና ጐመን ብላ፤ ትከሳለህ፥ የስኳር በሽታም ይቀልልሃል» የሚለው የዘመኑ ምክር ለባላገር ጆሮ እንግዳ ነው። ምክሩ ከንቱ ወሬ አይደለም፤ ለሁሉ የሚስማማ ትእዛዝም አይደለም። መምህሩና ሽማግሌው ለሚጠይቃቸው ሰው መልስ ይሰጡ ዘንድ የሰውነትን ሥራ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

ከእህል አብዛኛው ክፍል ካርቦሃይድሬት የሚባለው ነው፤ ከጤፍ ዱቄት ከመቶው 70 ያህሉ ይኸው ነው። ይህም በሆድ ተፈጭቶ ስኳር ይሆንና ወደ ደም ይገባል። ከጨጓራ በስተኋላ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ያመነጫል፤ እርሱም ስኳሩን ከደም አውጥቶ ለሰውነት ክፍሎች ያድላል። የተረፈው በጉበትና በጡንቻ እንደ ጐተራ እህል ይከማቻል፤ ጐተራው ሲሞላ ስብ ይሆናል። እህል እጅግ በተቀነሰ ጊዜ ግን የጉበት ጐተራ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጐድላል፥ ኢንሱሊንም ያንሳል፤ ሰውነትም ስቡን እያወጣ ያነዳል። ጉበት ከስቡ ኬቶን የሚባለውን ሠርቶ አንጐልን ይመግባል። በመጀመሪያው ሳምንት ፈጥኖ የሚወርደው ክብደት ግን አብዛኛው ውሃ ነው፤ በዚህ ብዙ ሰው ይታለላል።

ነገሩ የትናንት አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1863 ዊልያም ባንቲንግ የሚባል የሎንዶን ሰው ዳቦና ስኳር፥ ድንችና ቢራ ትቶ እንደ ከሳ ጽፎ አሳትሟል። በ2018 ደግሞ በአሜሪካ የስታንፎርድ ሊቃውንት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፥ አንዱን ወገን ካርቦሃይድሬት፥ ሌላውን ስብ አስቀንሰው 12 ወር ተከታተሉ። ሁለቱም ወገን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀነሱ፤ የጐላ ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱም ስኳርና የነጣ ዱቄት እንዲቀንሱ ተመክረው ነበር።

ከጐልማሳነት በኋላ በሚይዘው የስኳር በሽታ ለተያዘና ለወፈረ ሰው እህል መቀነስ የደሙን ስኳር ያወርድለታል። ሥጋና ቅቤ ሲበዛ ግን በአንዳንዱ ሰው ደም ውስጥ ልብን የሚጐዳው ስብ ይጨምራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ኪኒን የሚውጥ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ በድንገት እንጀራ ቢተው፥ መድኀኒቱ የደሙን ስኳር ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል። ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ይቀባዥራል፥ ይወድቃል። ጐረቤት «ጋኔን ለከፈው» ብሎ ጠበል ፍለጋ ሲሮጥ ሰውየው ሊሞት ይችላል። መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው የስኳር ውሃ ወይም ማር ይሰጠው፤ ራሱን ከሳተ ግን ምንም በአፉ ሳይገባ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። «እንጀራ ትቻለሁና ኢንሱሊን አያስፈልገኝም» የሚለው ደግሞ በሌላ መንገድ ይጠፋል፤ ኬቶኑ ከልክ አልፎ ደሙን ይመርዘዋልና።

ቀኑን ሙሉ ከሞፈር ጋራ ለሚውል ገበሬ፥ ለሚያድግ ሕፃን፥ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ይህ አመጋገብ አይመከርም። የ1965ንና የ1966ን የወሎ ረኃብ ያየ ሽማግሌ እህል ማጣት ምን እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም። ደግሞም በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ፥ ቅቤና እንቍላል ተከልክሎ እንጀራም ከተተወ በገበታ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ለታመመ ክርስቲያን የንስሓ አባቱ ጾሙን ያቀልለታል፤ የታመመ እስላምም ረመዷንን እንዲያፈጥር ሃይማኖቱ ይፈቅድለታል።

የደሙ ስኳር የበዛ የኩታበር ሰው ከእንጀራው አስቀድሞ የሚቀንሰው ሌላ አለው፤ በሻይ የሚጨመረውን ስኳር፥ የፉርኖ ዳቦውን፥ በጠርሙስ የሚሸጠውን ጣፋጭ መጠጥ። በአንዱ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። እንጀራውን አሳንሶ ባቄላውን፥ ሽንብራውንና ጐመኑን ቢያበዛ፥ በነጭ ዳቦ ፈንታም የገብስ ቆሎ ቢቈረጥም፥ ስኳሩ ወደ ደሙ ቀስ እያለ ይገባል።