ትርፉ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ጉባኤያችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ ተበትነን ነበር። ይኸውም «ሰው ከኑሮው የተረፈውን ሀብት ለድኃ ቢሰጥ ቸርነት ነው ወይስ ግዴታ?» የሚል ነው። ቸርነት ከሆነ ያልሰጠ አይወቀስም፤ ግዴታ ከሆነ ግን ያልሰጠ ሁሉ ባለዕዳ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ጾምን፥ ጸሎትንና ምጽዋትን አንድ ላይ ታስተምራለች። ዐቢይ ጾምን ስንጾም ለእግዚአብሔር ውለታ ዋልንለት የሚል ከመካከላችን የለም፤ ትእዛዝ ነውና እንጾማለን። ታዲያ ምጽዋትን ብቻ ከራሳችን እንደ ሰጠነው ቆጥረን ምስጋና የምንጠብቀው ስለ ምንድን ነው? በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ረኀብ በገባ ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስ ባለጠጎችን ገሥጾ ጎተራቸውን አስከፍቷል። በሣጥን ታጥፎ የተቀመጠው ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ እንደ ሆነ አስተምሯል።

አንድ ወንድማችን ያነሣው መከራከሪያ ግን ቀላል አልነበረም። የመንዝንና የግሼን ደጋ የሚያውቅ ይረዳዋል። በልጉ ይቀራል፤ ገብሱ ሊያፈራ ሲል ውርጭ ይመታዋል፤ ከዚያ የተረፈውን በረዶ ያነጥፈዋል። ስለዚህ ጎታ ሙሉ ገብስ ያለው ገበሬ ትርፍ አለው አይባልም፤ ለዘርና ለክፉ ቀን ነው። ዮሴፍም በግብፅ በጥጋቡ ዘመን ከአምስት አንዱን እጅ አከማችቷል። እውነት ነው፤ ማከማቸት ኃጢአት አይደለም።

ነገር ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ እህል ክፉው ቀን ሲመጣ መከፈት አለበት። ክፉው ቀን ደግሞ በሁሉ ቤት እኩል አይገባም፤ አንዳንድ ጊዜ በጎረቤት ቤት ይቀድማል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ «ክፉ ቀን» በተባለው ዘመን የቀንድ ከብቱ በበሽታ አልቆ የሚያርስ በሬ በጠፋ ጊዜ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ጎተራቸውን ከመክፈታቸውም በላይ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል። እህሉን ይዞ ዋጋ እስኪወደድ የሚጠብቀውን ሕዝብ እንደሚረግመው በምሳሌ 11፥26 ተጽፏል። (ዮሴፍም ቢሆን እህሉን የሸጠ እንጂ በነጻ ያደለ አይደለም፤ ይህን ሌላ ቀን እንማማርበት።)

ግዴታ ሲባል የመንግሥት አዋጅ ብቻ የሚመስላቸውም አሉ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወርሷል። መወረስ ግን መስጠት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በግድ አይሁን ያለውም ስለዚህ ይመስለናል (2ኛ ቆሮ. 9፥7)። የእኛ ዕዳ የሚያስከፍለው ወታደር የለም፤ ዕዳነቱ ግን አልቀረም።

«እኛ ወጣቶች ጎታ የለንም» እንል ይሆናል። በጾም ቀን ያልበላነው ቁርስስ? እርሱ ተመልሶ ለፋሲካ ድግስ ከተጠራቀመ ጾማችን ቁጠባ ሆነ ማለት ነው። ደግሞም በሰንበቴ ቀን ለነዳያን የሚደርሰው ሁሉም ጠግቦ ከተነሣ በኋላ የቀረው ትርፍራፊ ነው፤ የምናድለውም እኛው ነን። በሚመጣው ሰንበቴ መሶቡ ሲከፈት የመጀመሪያው እንጀራ ወደ ደጁ እንዲወጣ አባቶችን ልንጠይቅ ተስማምተናል። ማን ቀድሞ አፉን እንደሚከፍት ግን ገና አልተወሰነም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።