በሮቦት የሚታገዝ የሬክተም ካንሰር ቀዶ ሕክምና፡ የሁለት ጥናቶች ንጽጽር

መግቢያ

የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል የሆነው ሬክተም የሚገኘው በጠባቡ የዳሌ አጥንት ክልል ውስጥ ሲሆን፣ የሽንት ፊኛንና ወሲባዊ ተግባርን ከሚቆጣጠሩ ነርቮች ጋር ይጎራበታል። ሐኪሙ ሲቆርጥ ወደ ዕጢው አብዝቶ ከተጠጋ የካንሰር ሕዋሳት ሊቀሩ ይችላሉ፤ አብዝቶ ከራቀ ደግሞ ነርቮቹ ይጎዳሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሮቦት ለዚህ ችግር ምን መፍትሔ እንዳመጣ፣ የተለያየ ውጤት ያሳዩ ሁለት ጥናቶችን በማነጻጸር መመርመር ነው።

የጠርዙ ጉዳይ

እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሂልድ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሬክተምን የሚከበው ስብና የሊምፍ ዕጢዎች፣ ማለትም ሜዞሬክተም፣ ከነሽፋኑ ሳይቀደድ በሙሉ መውጣት እንዳለበት አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1986 በሊድስ የተደረገ የፓቶሎጂ ጥናት ደግሞ የጠርዙን ወሳኝነት አረጋገጠ፤ ከ52 ታካሚዎች መካከል በ14ቱ ካንሰሩ እስከ ተቆረጠው የጎን ጠርዝ ደርሶ ነበር፤ ከእነዚህም በ12ቱ በሽታው እዚያው ዳሌ ውስጥ አገረሸ። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ዘዴ በቅድሚያ የሚመዘነው ንጹሕ ጠርዝ በማስገኘት አቅሙ ነው።

በላፓሮስኮፒ የሚሠራ ሐኪም የሚጠቀምባቸው ቀጥ ያሉና ረጃጅም መሣሪያዎች በጠባብ ዳሌ ውስጥ እንደልብ አይዞሩም። በሮቦት ሲሠራ ግን ሐኪሙ በመቆጣጠሪያው ፊት ተቀምጦ ጥልቀት ያለው ምስል እያየ፣ እንደ እጅ አንጓ የሚተጣጠፉ መሣሪያዎችን ያንቀሳቅሳል። ሆኖም ማሽኑ በራሱ አይወስንም፤ የሚቆረጠውን መስመር የሚመርጠው ሐኪሙ ነው።

የጥናቶቹ ውጤት

ሮላር የተሰኘውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት በ10 አገሮች 471 ታካሚዎችን በዕጣ ደልድሏል። ዋነኛ መለኪያው የተጀመረው ቀዶ ሕክምና ሆድን በሰፊው ወደ መክፈት የመለወጡ ድግግሞሽ ነበር፤ ይህም በላፓሮስኮፒ 12.2 በመቶ፣ በሮቦት 8.1 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ ረገድ ጉልህ አልነበረም። የሮቦቱ ወጪም ከፍ ያለ ነበር።

በቻይና 11 ሆስፒታሎች የተካሄደው ሪል የተሰኘው ጥናት ግን ሌላ ምስል አሳየ። ከ1,100 በላይ ታካሚዎች በተካተቱበት ትንተና፣ ካንሰር የነካው የጎን ጠርዝ በላፓሮስኮፒ 7.2 በመቶ ሲሆን በሮቦት 4.0 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ውጤት መሠረት በሦስት ዓመት ውስጥ በሽታው በአካባቢው ያገረሸው ከላፓሮስኮፒ ቡድን በ4.0 በመቶ፣ ከሮቦት ቡድን በ1.6 በመቶ ነው። በአጠቃላይ በሕይወት የመቆየት መጠን ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ውይይት

ሁለቱ ጥናቶች የሚቃረኑ ቢመስሉም የጠየቁት ጥያቄ አንድ አይደለም። ሮላር በላይኛው የሬክተም ክፍል የሚገኙ ዕጢዎችንም አካትቷል፤ ሪል ግን ሮቦቱ ይበልጥ ይጠቅማል ተብሎ በሚጠበቅባቸው የመካከለኛና የታችኛው ክፍል ዕጢዎች ላይ ብቻ አተኩሯል። በተጨማሪም ሮላር ለመሳተፍ የጠየቀው ዝቅተኛ የሮቦት ልምድ 10 ቀዶ ሕክምና ብቻ ነበር፤ ሪል ላይ የተሳተፉት ሐኪሞች ግን በሁለቱም ዘዴዎች ልምድ ያካበቱ ነበሩ። በሌላ በኩል የሪል ውጤት በአንድ አገር የተገኘ በመሆኑ፣ ውፍረት ለሚበዛባቸው ታካሚዎች በቀጥታ ማዋል ጥንቃቄ ይሻል።

መደምደሚያ

ከዚህ የሚገኘው ድምዳሜ የሮቦት ጥቅም በዕጢው ቦታና በሐኪሙ ልምድ የተወሰነ ነው የሚል ነው። ስለሆነም ማሽኑን ለመግዛት የሚያስብ ተቋም ልምድ ለማካበት በቂ ታካሚ እንዳለው አስቀድሞ መመዘን ይገባዋል። ሮቦት የሌለው ሆስፒታልም የዘዴው መሠረት አልተነፈገውም፤ ሜዞሬክተምን በሙሉ ማውጣት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በኤምአርአይ መመርመርና የፓቶሎጂ ባለሙያው የጎን ጠርዙን በሚሊ ሜትር ለክቶ እንዲመዘግብ ማድረግ ሮቦት አይጠይቁም። በዚህ መልክ የሚጠራቀም መዝገብ ለወደፊቱ ምርጫም ማስረጃ ይሆናል።